የተበጠሰ ሐብልና ጥንዱ የጠፋ ጉትቻ ለቤት ጌጥ፦ ማሰር ወይስ ማጣበቅ?

ዶቃና ዳንቴል (ሐዋሳ) — ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ መጋረጃና ስለ ምንጣፍ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አሮጌ ጌጣጌጥ የጻፈ ግን አላገኘሁምና እኔው ልጀምረው። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አይጠፋም። ውስጡ ጥንዱ የጠፋ ጉትቻ፣ ክሩ የተበጠሰ ሐብል፣ መቆለፊያው የተሰበረ አምባር፣ ድንጋዩ የወለቀ ብሮሽ፣ ከድሮ የሠርግ ቀሚስ የተነቀለ ዶቃ አለ። ቢሸጥ ዋጋ አያወጣም፣ አንገት ላይ አይዋልም፣ ለመጣል ደግሞ ማንም አይጨክንም። ያማረ የቤት ጌጥ የሚወጣው ከዚህ ቆርቆሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የምወደው ቪንቴጅ የሚባለውን አሠራር ነው፦ የደበዘዘ ሮዝ፣ የወተት ቀለም፣ መብረቅረቁን የተወ ናስ፣ ከጎኑ ነጭ ዳንቴል። ይህ ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥኑም፣ ሶፋውም፣ ረከቦቱም ዳንቴል ለብሶ ያደግን ሰዎች ነን። የሚጎድለው ዶቃው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ማሰር እንጂ ማጣበቅ አልወድም። የታሰረ ነገር ይፈታል። ነገ እህቴ «የእናታችንን ጉትቻ ለልጄ ሠርግ ስጪኝ» ብትል ክሩን ቆርጬ እሰጣታለሁ። ሙጫ የነካው ጌጥ ግን ዳግመኛ ጌጥ አይሆንም።

ከምሠራቸው ሁሉ የማስቀድመው የስኳር ዕቃና የስኒ መሸፈኛ ዳንቴል ነው። እኛ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ቡና ሲቀርብ ዝንቡንም ነፋሱንም እናውቀዋለን፤ ባዶ ዳንቴል ነፋስ ገልብጦት ይሄዳል። ጠርዙ ላይ የመስታወት ዶቃ ከተንጠለጠለ ግን ክብደቱ ይይዘዋል። ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ዳንቴል ዙሪያው ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ዶቃ ብታስሩ 21 ዶቃ ይበቃል። ዶቃውን ከኪሮሽ ሥራው በፊት ክሩ ላይ ደርድሮ ጠርዙ ሲደረስ አንድ አንድ እያደረጉ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ዳንቴሉ ካለቀ በኋላ በቀጭን መርፌ እየሰፋሁ ባስረው ይቀናኛል። እያንዳንዱ ዶቃ ሥር ትንሽ ዶቃ መቆሚያ አድርጌ፣ መርፌውን በትልቁ ዶቃ መልሼ አሳልፌ እቋጥረዋለሁ። ስኒው ሲነሣ ዶቃዎቹ ሸክላውን ነካ እያደረጉ የሚያሰሙት ድምፅ ደስ ይላል።

እናንተስ ምን ሠራችሁ?

---

አዲስ ጎጆ (ሐዋሳ፣ መናኸሪያ) — ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡55

እህት ዶቃና ዳንቴል፣ በምፈልግበት ሰዓት ነው የጻፍሽው። ከባለቤቴ ጋር ተከራይተን ከገባን ጥቂት ጊዜያችን ነው። መኝታ ቤታችን አራት ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ አከራያችን ደግሞ ምስማር መምታት አይፈቅዱም። የፍቅር ቤት እንዲመስል እፈልጋለሁ፤ ገንዘቡ ግን ለአልጋና ለቁም ሣጥን ሄዷል። ያለኝ ከሠርጌ የተረፈ ሰው ሠራሽ ሉልና አማቴ የሰጡኝ አንድ ከረጢት የተደባለቀ ዶቃ ነው። ከየት ልጀምር? ሌላውንስ ከየት በርካሽ ላግኝ?

---

ዶቃና ዳንቴል — ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20

እንኳን ለአዲሱ ጎጆ አበቃችሁ! መጀመሪያ ዶቃሽን ለዪው። አንዱን አንስተሽ ጉንጭሽ ላይ አድርጊው፤ የመስታወቱ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳልም፤ ፕላስቲኩ ወዲያው ይሞቃል። ፕላስቲኩን አትናቂው፤ ግን ከሻማና ከሚግል አምፖል አርቂው።

ርካሽ ዶቃ ያለው ሰልባጅ ተራ ነው። ገበያው ውስጥ ማንም የማይለብሰው በዶቃ የተጠለፈ የራት ቀሚስ ወይም ዚፑ የተበላሸ የዶቃ ቦርሳ ፈልጊ፤ ከአንዱ ቀሚስ ብቻ ለመብራትሽ የሚበቃ ዶቃ ይፈታል። ስትፈቺ ክሩን እየጎተትሽ አትበጥሺው፤ ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተሽ በትንሽ መቀስ ቁረጪ። ቁራሌውንም ጠይቂ፤ የተሰበረ የመብራት እግርና የመስታወት ፍሬም በቆሻሻ ዋጋ ይሰጥሻል።

ለክር ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጠግኑበት ዓይነት ቀጭን ናይለን ጠንካራ ነው። ግን መስኮት ላይ ለሚሰቀል ሥራ አልመክርሽም፤ ፀሐይ ናይለንን ታደክመዋለች። በዚያ ላይ የአንዳንድ መስታወት ዶቃ ቀዳዳ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ክሩን ቀስ እያለ ይበላዋል። በሰም የታሸ ጥጥ ክር ወይም ቀጭን ሽቦ ይሻላል።

ምስማር የማያስፈልገው፦ የራስጌ መብራት ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል የዶቃ ዘርፍ፣ ከመጋረጃው ብረት ላይ የሚወርድ ዶቃ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚቆም መስታወት። ከሦስት ቀለም አትለፊ። የአማትሽን ከረጢት በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ካዋልሽው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

---

ሽቦና አምፖል (ሐዋሳ) — ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡48

የመብራት ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እህቶቼ፣ መብራት ላይ ዶቃ ከማሰራችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። አምፖሉም ኤልኢዲ ይሁን። የድሮው ባለ60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 8 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የድሮው አምፖል ፕላስቲክ ሉሉን ያቀልጣል፣ ዳንቴሉንም ያጠቁራል። ከቀለሙ ቢጫ ዘመሙን ምረጡ፤ ነጩ ብርሃን የናሱንና የሮዙን መልክ ይገድለዋል።

ሽቦ ደግሞ ሞተር የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ዘንድ ሂዱ። ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣው የመዳብ ሽቦ በኪሎ የሚሸጥ ቁርጥራጭ ነው። ለዶቃ ውፍረቱ ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ያለው፣ ቅርጽ እንዲይዝ ለሚፈለግ ልብ ወይም አበባ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትሩ ይሆናል። ላዩ የተቀባው መከላከያ ቀለም መዳቡ ቶሎ እንዳይጠቁር ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ አትፋቁት።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ያረጀ ቸርኬ በየጋራዡ ተደግፎ ታያላችሁ። ዘንጎቹ ሲወልቁ ብዙውን ጊዜ 36 ቀዳዳ ያለው ቀለበት ይቀራል። ከየቀዳዳው አንድ አንድ የዶቃ ክር አውርዳችሁ ታች ትንሽ ቀለበት ላይ ብትሰበስቡት የድሮ ቤተ መንግሥት መብራት የሚመስል ነገር ይወጣል።

---

የአዳማዋ (አዳማ) — ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡30

ከአዳማ ነው የምጽፈው፤ በአንድ ነገር ከዶቃና ዳንቴል ጋር አልስማማም። ሙጫን እንዲህ መጥላት ትክክል አይመስለኝም። የመስታወት ፍሬም በብሮሽና በጉትቻ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ብትፈልጊ በምን ታስሪዋለሽ? እንጨቱን ሁሉ ትበሺዋለሽ?

ነገሩ ሙጫውን ማወቁ ላይ ነው። ሱፐር ግሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ ጉም ይተፋል፣ መስታወት ላይም ይሰባበራል። በኤሌክትሪክ የሚቀልጠው የዱላ ሙጫ በእኛ በአዳማ ሙቀት መስኮት አጠገብ ይለሰልስና ጌጡ ይንሸራተታል። የሚያዛልቀው ከሁለት ቱቦ እኩል እኩል የሚደባለቀው ኢፖክሲ ነው። የጌጡን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጊ፣ በአልኮል ጥረጊ፣ ለጥፈሽ 24 ሰዓት አትንኪው። ክፍተቱን የሴራሚክ መጋጠሚያ በሚሞላበት ነጭ ሲሚንቶ ብትሞዪው የሞዛይክ መልክ ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን መስታወት ጀርባ ላይ አትጠቀሙ። ሽታው የአሲድ ነው፤ የመስታወቱን የብር ቅብ ይበላና ከጊዜ በኋላ ከፊት ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል።

---

ዶቃና ዳንቴል — ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡05

እህቴ፣ ስለ ሲሊኮኑ አመሰግናለሁ፤ እሱን ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል። ፕላስቲኩንና መንታ መንታውን ርካሽ ጉትቻ ብታጣብቂው ቅር አይለኝም። የእናት፣ የአያት የሆነውን ግን በኢፖክሲ እንጨት ላይ ማሸግ ልቤ አይቀበለውም። ኢፖክሲም ቢሆን ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ሙጫውን ለማስለቀቅ አሴቶን ብታፈሺበት ደግሞ የሰው ሠራሹን ሉል ቅብ ይገፈዋል፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሟዋል፣ አምበር ቢሆንም ላዩን ያበላሸዋል።

---

መርፌና ከፋይ (ሐዋሳ፣ ፒያሳ) — ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡15

የሁለታችሁንም ክርክር የሚፈታ መንገድ አለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንጨቱ ላይ አታጣብቁ፣ እንጨቱንም አትብሱ፤ እንጨቱን ልብስ አልብሱት።

ያረጀ ከፋይ ጨርቅ ውሰዱ፤ የወይን ጠጅ ቀለም ወይም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ለብሩም ለሉሉም ይስማማል። ከፋይ ብቻውን ክብደት ሲያገኝ ስለሚረግብ ከሥሩ ጠንካራ ሸራ ደርቡበት። ጌጡን በሙሉ ከፍሬሙ ውጪ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በዚህ ድርብ ጨርቅ ላይ ስፉት። ብሮሽ መርፌ ስላለው ራሱ ይወጋል፤ ጉትቻው በጆሮ ማስገቢያው ይታሰራል፤ አምባሩ በሦስት ቦታ በክር ይያዛል። መጀመሪያ ትልልቁን ማዕዘኑ ላይ፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ዶቃውን ክፍተቱ ውስጥ። ከዚያ ጨርቁን ፍሬሙ ላይ ወጥራችሁ ከጀርባ በትንንሽ ምስማር ያዙት። የፈለጋችሁ ቀን አውልቃችሁ ክሩን መቁረጥ ነው፤ እንጨቱም ጌጡም ምንም አይሆንም።

ከፋይ የወረደበትን አቅጣጫ ሳታዩ አትቁረጡ። በእጃችሁ ስትዳስሱት የሚለሰልስበት አቅጣጫ ወደ ታች ይሁን፤ በአራቱም ጎን አንድ ዓይነት ካልሆነ ቀለሙ ሁለት ይመስላል።

---

የድሮ ሰው (ሐዋሳ) — ረቡዕ ከቀኑ 8፡40

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን ሳነብ ውዬ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። የተበጠሰውን ሥሩበት፤ ያልተበጠሰውን ግን አትበትኑ። ድሪ ሙሉውን ነው ድሪ የሚባለው፤ ከተበተነ ቁርጥራጭ ብር ነው። አልቦም እንደዚያው ነው፤ ጥንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ሙሉ የሆነውን በሙሉነቱ አውሉት። እኔ ዘንድ ሁለት የብር አልቦ የመኝታ ቤቴን መጋረጃ ከግራና ከቀኝ ያዝ አድርገውታል። አንድም ዶቃ አልተነካም፤ የበዓል ቀን ፈትቼ ለልጅ ልጄ አደርግላታለሁ።

ሌላው የጨሌ ነገር ነው። ጨሌ ለእናንተ ቀለሙ ያማረ ዶቃ ነው። በብዙ ቤት ግን የውቃቤ፣ የአቴቴ ዕቃ ሆኖ የኖረ ነው። ሃይማኖቱን ሲቀይር ወይም ሲያጠብቅ ያወጣው፣ ያቃጠለው ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ከአማት፣ ከአክስት የመጣ የጨሌ ክር ሳሎን ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ባለቤቷን ጠይቁ። «ይሰቀል» ካለች በክብር ይሰቀል፤ ፊቷ ከጠቆረ ግን ተዉት። አዲስ ጎጆ፣ ይህን የምልሽ ከረጢቱ ከአማትሽ ስለመጣ ነው።

---

አዲስ ጎጆ — ረቡዕ ከምሽቱ 1፡20

እማማ፣ ስለ ምክርዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ደውዬ ጠየቅኋቸው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የገበያ ዶቃ ነው፤ ጨሌ የለበትም። እንዲያውም ከመካከሉ ያሉት ቀያዮቹ የእናታቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። ላያቸው ቀይ ነው፤ ቀዳዳቸውን ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው ግን ውስጣቸው ነጭ ነው። ይህ ምንድን ነው? ቀለም የተቀባ ነው?

---

ዛጎል (ሐዋሳ፣ ታቦር) — ረቡዕ ከምሽቱ 2፡00

አዲስ ጎጆ፣ ቀለም አይደለም። ነጭ መስታወት ላይ ቀይ መስታወት ለብሶ የተሠራ ዶቃ ነው፤ ቬኒስ ለንግድ ታወጣቸው ከነበሩት የታወቁ ዶቃዎች አንዱ ነው። የቬኒስ መስታወት ሠሪዎች እሳት ከተማዋን እንዳያቃጥል በ1291 ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲሄዱ ታዘው ነበር፤ ዶቃቸውም በነጋዴ እጅ አፍሪካን አዳርሷል። ያንቺዎቹን ለብቻቸው አስቀምጪ፤ መሐላቸው እየቋጠርሽ በአንድ ክር ሰካክተሽ በሚታይ ቦታ አኑሪያቸው። በየመካከሉ ቋጠሮ ካለ ክሩ ቢበጠስ እንኳ የሚወድቀው አንድ ዶቃ ብቻ ነው።

ስለ ፍቅር ጌጥ ከተነሣ ደግሞ እኔ የምወደውን ልንገራችሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን መርከበኞች ከካሪቢያን፣ በተለይ ከባርባዶስ ደሴት፣ ለሚወዷቸው ሰዎች ይዘው የሚመለሱት ስምንት ማዕዘን ያለው የእንጨት ሣጥን ነበር። ውስጡ በትንንሽ የባሕር ዛጎሎች የተሠራ ልብ፣ ጽጌረዳና ኮከብ አለ፤ አንዳንዱ ላይ «አስታውሺኝ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ በዛጎል ተደርድሯል። ሰው ለረጅም ጊዜ መርከበኞቹ ራሳቸው በጉዞ ላይ የሠሯቸው ይመስለው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን እዚያው ደሴቱ ላይ ለሽያጭ የተሠሩ ናቸው። እኔ ያንን ሐሳብ ወስጄ በእኛ ዛጎል፣ በቡና ፍሬና በአሮጌ ዶቃ እሠራዋለሁ። የሥዕሉን ቅርጽ በእርሳስ ሸራ ላይ እነድፋለሁ፤ መሐሉ ልብ፣ ዙሪያው ሐይቅ። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ዶቃ በረድፍ እየሰፋሁ ማዕበል አደርገዋለሁ። ለጋብቻ ስጦታ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም፤ እዚህ ሐዋሳ «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐይቅ ዳርቻ ለተጫጨ ሰው ደግሞ ይብስ ያምራል።

ዛጎልና እውነተኛ ሉል በሎሚ ወይም በኮምጣጤ አትጠቡ። የተሠሩበት ነገር አሲድ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ አንጸባራቂነቱ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይበቃቸዋል።

---

ታቦር ሥር (ሐዋሳ) — ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30

እኔም ጥያቄ አለኝ። ከአያቴ የቀረ ቢጫ ትልልቅ ዶቃ ያለበት ሐብል አለ፤ ቤተሰቡ «አምበር ነው» ይላል። ከእሱ ጋር ቀለበት የተበየደበት የማርያ ቴሬዛ ብር አለ፤ ከሰል መስሏል። ሁለቱንም አጽድቼ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ፈለግሁ። በጥርስ ሳሙና ልፈትገው?

---

የአንጥረኛ ልጅ (ሐዋሳ) — ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡10

ወንድሜ፣ የጥርስ ሳሙናውን ተወው፤ ብሩን ይቧጭራል። አመድም እንደዚያው ነው፤ ለናስ ትሪ ነው የሚሆነው።

ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሁድ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ከራሱ ከብሩ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ በፈተግኸው ቁጥር ብር ትቀንሳለህ። ሳህን ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፍ፣ ብሩን ፎይሉን እንዲነካ አድርገህ አስቀምጥ፣ የፈላ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ጨምርበት። ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፣ ብሩ ባለበት ይመለሳል። ሲተን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መስኮት ክፈት። ድንጋይ፣ ሉል፣ አምበር ወይም ሙጫ ያለበት ጌጥ ግን በፍጹም እዚያ ውስጥ አይግባ።

እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ማርያ ቴሬዛውን ሙሉ በሙሉ አታንጻው። በለስላሳ ጨርቅ ላዩን ብቻ አብሰው፤ በንግሥቲቱ ጸጉርና በንስሩ ክንፍ መካከል ያለው ጥቁረት ምስሉን የሚያወጣው እሱ ነው። ላዩ ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት ደግሞ ያ ብር የተመታበት ዓመት ነው ማለት አይደለም፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ምልክት ሲመታ ኖሯል። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አባቶቻችን መስቀሉንም ድሪውንም እሱን እያቀለጡ ነው የሠሩት።

ለአምበሩ፦ አንድ ዶቃ ከክሩ አውጣ። ውኃ ውስጥ ጨው እየጨመርህ አማስል፣ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ድረስ። እውነተኛ አምበር ይንሳፈፋል። መስታወትና ባክላይት የሚባለው የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሰምጣሉ። ከተንሳፈፈም ገና አልጨረስህም፤ ዕድሜው ያልጠና የዛፍ ሙጫና አንዳንድ ፕላስቲክም ይንሳፈፋሉ። በጋለ መርፌ መውጋት ግን አይሆንም፤ ዶቃህን ታቆስላለህ። ባክላይት ሆኖ ቢገኝም አትዘን፤ እሱም የራሱ ዕድሜና ውበት አለው።

ሁላችሁንም ላስታውስ፦ በአሮጌ ርካሽ ጌጥ ብረት ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ይችላል። ሕፃን ባለበት ቤት ዶቃው ከእጁ በላይ ይሰቀል፤ ወደ አፉ አይድረስ።

---

አዲስ ጎጆ — ሐሙስ ከምሽቱ 1፡45

ቸርኬ አገኘን! ባለቤቴ ከብስክሌት ጠጋኝ ሰፈር በትንሽ ገንዘብ አመጣው። አከራያችንም ነገሩን ሲሰሙ «አንድ መንጠቆ ብቻ» ብለው ፈቀዱ። ሽቦና አምፖል፣ ኮርኒሱ ይችለዋል?

---

ሽቦና አምፖል — ሐሙስ ከምሽቱ 2፡05

ኮርኒሱ አይችልም፣ አትሞክሩት። ሒሳቡን ልሥራላችሁ፦ ባለ10 ሚሊ ሜትር የመስታወት ዶቃ ወደ 1.3 ግራም ይመዝናል። 36 ክር፣ በየክሩ 30 ዶቃ ቢሆን 1080 ዶቃ ነው፤ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ቸርኬው ሳይጨመር። መንጠቆው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሞራሌ ላይ ይጠበቅ። ኮርኒሱን በጣትህ እያንኳኳህ ሂድ፤ ድምፁ የሚደፈንበት ቦታ ሞራሌው አለ። ቸርኬውን በሦስት ነጥብ በሰንሰለት አንጠልጥሉት፣ በክር አይሁን። ክብደቱን መቀነስ ከፈለጋችሁ የሠርጋችሁን ሰው ሠራሽ ሉል ከላይ፣ መስታወቱን ከታች አድርጉ፤ ብርሃኑን የሚሰብረው የታችኛው ነው።

---

የአዳማዋ — ሐሙስ ከምሽቱ 2፡40

መርፌና ከፋይ፣ ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ፤ የእናቴን ብሮሾች በእርስዎ መንገድ እሰፋቸዋለሁ፤ ለተቀረው ኢፖክሲዬን አልተውም። መስታወቴ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፍሬሙ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ስንት ሜትር ከፋይ ልግዛ?

---

መርፌና ከፋይ — ሐሙስ ከምሽቱ 3፡10

የፍሬሙ ውጭ ልኩ 56 በ76 ይሆናል። ለውፍረቱ 2፣ ለጀርባ ማጠፊያ 3 ሳንቲ ሜትር በየጎኑ ጨምሪ፤ 66 በ86 ወጣ። የጨርቁ ወርድ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 90 ሳንቲ ሜትር አስቆርጪ፤ ርዝመቱ ወደ ታች ይሁን፣ ልስላሴውም ወደ ታች እንዲሄድ። ሸራውንም በዚያው ልክ። መሐሉን መጀመሪያ አትክፈቺው፤ ጌጡ ሁሉ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ከመሐል ወደ አራቱ ማዕዘን ሰንጥቀሽ ወደ ጀርባ እጠፊው። ማዕዘኑ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲቀር መቀሱን አቁሚ፤ ከዚያ ካለፈ ይተረተራል።